ከሲያትል ወደ ፖርት ታውንሴንድ፦ በብርድና በነፋስ የሸራ ጀልባ አነዳድ

ሲያትል ለምትኖሩ ባህሩ የዕለት ጎረቤት ነው። በመንገድ ስታልፉ ታዩታላችሁ፣ በፌሪ ትሻገሩታላችሁ። ከሐበሻው መካከል ግን በሸራ ጀልባ የሚወጣው ጥቂት ነው፤ በብርዱ ወራት የሚወጣው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ይህን የምጽፈው በሞቃቱ ወራት ጀልባ መንዳት ተምራችሁ አሁን ከኦክቶበር እስከ ማርች ባለውም ጊዜ መውጣት ለምትፈልጉ ነው። ገና ጀማሪ የሆነ ሰው መጀመሪያ ሌክ ዩኒየን ላይ ይማር። ሴንተር ፎር ዉደን ቦትስ እዚያው ሐይቁ ዳር አለ። ደግሞ ሞተራችሁ 15 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከ1955 በፊት የተወለዳችሁ ካልሆናችሁ በቀር የዋሽንግተን ስቴት የጀልባ ትምህርት ካርድ ያስፈልጋችኋል።

ለምሳሌ የምወስደው መንገድ ከሺልሾል ቤይ ማሪና ተነስቶ ወደ ሰሜን ፖርት ታውንሴንድ የሚደርሰውን ነው። ከ30 የባህር ማይል ትንሽ ያልፋል። 30 ጫማ ርዝመት ያላት ጀልባ በደህና ነፋስ 5 ወይም 6 ኖት ትሄዳለች፤ አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ያህል ያዙ። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ የምትወጣው በአገሩ ሰዓት ጠዋት 8 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀር ነው፤ የምትጠልቀው ደግሞ 4፡20 ገደማ። ብርሃኑ ለጉዞው ይበቃል፣ ግን ትርፍ የለውም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። በቀዝቃዛ ባህር ላይ ማንኛውም ሥራ ሳይቸግር ቀድሞ ነው የሚሠራው። ምክንያቱ እጅ ነው። ጣት ከደነዘዘ ቋጠሮ አይፈታም፣ ዚፕ አይዘጋም፣ የሬዲዮ ቁልፍ እንኳ በትክክል አይጫንም፤ ሰው ደግሞ እየበረደው መሆኑን የሚያውቀው ከረፈደ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የተደረደሩት ይህን አስበን ነው።

ደረጃ 1፦ ትንበያውን ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ መከታተል

የናሽናል ዌዘር ሰርቪስን የባህር ትንበያ አንብቡ፤ የስልክ አፕ ላይ ያለችው የነፋስ ሥዕል ብቻዋን አትበቃም። ለዚህ መንገድ ሁለት ክልሎችን ማየት አለባችሁ። አንዱ ፒዩጀት ሳውንድና ሁድ ካናል ነው፣ ሌላው ከፖርት ታውንሴንድ አጠገብ ያለው መተላለፊያ፣ አድሚራልቲ ኢንሌት ነው። በአንዱ 15 ኖት ሲነፍስ በሌላው 25 የሚሆንበት ቀን አለ። ትንበያው የሚነግራችሁ አማካዩን ነፋስ ነው፤ ድንገት የሚመጣው ግፊት ከዚያ በ40 ፐርሰንት ሊበልጥ ይችላል። የሞገድ ቁመትም እንደዚሁ ነው። 4 ጫማ ከተባለ ከሞገዶቹ ትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ በአማካይ 4 ጫማ ናቸው ማለት ነው፣ አልፎ አልፎ የዚያን እጥፍ የሚጠጋ ይመጣል።

በዚህ አካባቢ ከ21 እስከ 33 ኖት ሲጠበቅ ለትናንሽ ጀልባዎች ማሳሰቢያ ይወጣል። ከ34 እስከ 47 ሲሆን ጌል ዋርኒንግ ይባላል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ጌል ከተባለ አይወጣም፣ በቃ። ማሳሰቢያ ብቻ ከሆነና ነፋሱ ከኋላችሁ ከ25 ኖት በታች ከተተነበየ፣ ልምድ ያላቸው ሦስት ሰዎች ያሉባት ጤነኛ ጀልባ ልትሄድ ትችላለች።

የብርዱ ወራት ነፋስ ጠባይ አለው። ከፓስፊክ የዝናብ ግንባር ሲቃረብ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ይበረታል። ግንባሩ ሲያልፍ ወደ ምዕራብ ይዞርና በሁዋን ደ ፉካ ሰርጥ በኩል ይገባል። የኦሎምፒክ ተራሮች ለሁለት ይከፍሉትና ከተራሮቹ ጀርባ እንደገና ይገናኛል፤ የሚገናኝበት ቦታ ብዙ ጊዜ ከሲያትል ሰሜን፣ ወደ ኤድመንድስና ኤቨረት አካባቢ ነው። እዚያ ላይ ከደቡብ ሲነፍስ የነበረው በደቂቃዎች ውስጥ ከሰሜን ሊሆን ይችላል፣ ዝናቡም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ግንባሩ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያልፍ ማወቅ ነፋሱ ስንት ኖት እንደሆነ ከማወቅ አያንስም። በመውጫችሁ ጠዋት ደግሞ ትንበያውን ትታችሁ አሁን ምን እየነፈሰ እንደሆነ ተመልከቱ። የዌስት ፖይንትና የስሚዝ አይላንድ ጣቢያዎች በየሰዓቱ ያሳያሉ።

ደረጃ 2፦ የውሃውን ፍሰት ከነፋሱ ጋር ማስታረቅ

ብዙ ሰው ነፋስ ያያል፣ ፍሰት ግን ይረሳል። እዚህ ባህር ላይ ደግሞ ፍሰቱ ነው ቀኑን የሚወስነው። ውሃው በቀን ሁለቴ ይገባል፣ ሁለቴ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሲወጣ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ ሲገባ ወደ ደቡብ። አድሚራልቲ ኢንሌት ጠባብ ስለሆነ ፍሰቱ 3 እና 4 ኖት የሚደርስበት ጊዜ ብዙ ነው። 5 ኖት የምትሄድ ጀልባ 4 ኖት ፍሰት ፊት ለፊት ቢገጥማት በአንድ ሰዓት አንድ ማይል ነው የምትራመደው።

ከፍጥነቱ የሚብሰው ግን ሞገዱ ነው። ነፋስና ፍሰት ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ሞገዱ ረዘም፣ ጋደል ይላል። ግንባር ለግንባር ሲገናኙ ሞገዱ ያጥራል፣ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ ጫፉም ይሰበራል። በ20 ኖት ነፋስ ምቹ የነበረው ውሃ ፍሰቱ ሲገለበጥ በሰዓት ውስጥ ሌላ ባህር ይሆናል።

ስለዚህ ደቡብ ነፋስ ካለ፣ አድሚራልቲ ኢንሌት የምትደርሱት ውሃው እየወጣ ሳለ እንዲሆን አድርጋችሁ ከሺልሾል ተነሱ። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ውሃው በኃይል በሚወጣበት ሰዓት እዚያ መገኘት የለባችሁም፣ ፍሰቱ በሚቆምበት አጭር ጊዜ ድረሱ። የፍሰት ሰንጠረዡን ኖኣ (የአሜሪካ የባህርና የአየር መሥሪያ ቤት) በነፃ ያወጣል። ከሰንጠረዡ ላይ የአድሚራልቲ ኢንሌትን ሰዓቶች በወረቀት ጽፋችሁ መሪው አጠገብ በፕላስቲክ ለጥፉ። ስልክ በዝናብና በእርጥብ ጣት አይታዘዝም።

ደረጃ 3፦ ልብስና ምግብ

ገላ ላይ የሚለበሰው ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን። ጥጥ አይለበስም፣ ጂንስም አይለበስም፤ ጥጥ ሲረጥብ ውሃውን ይዞ ሙቀታችሁን ይጨርሳል። ጋቢም ጥጥ ነው፤ ሆኖም ውሃ በማያስገባ ከረጢት ታስሮ ካቢን ውስጥ ይቀመጥ፣ የበረደውን ሰው ልብስ ቀይሮ ለመጠቅለል እንደ እሱ ያለ የለም። ከሱፉ በላይ ወፍራም ፍሊስ፣ ከዚያ ውሃ የማያስገባ ሱሪና ጃኬት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ቦቲ ጫማ። ለጓንት ውድ ነገር አትፈልጉ። ዓሣ አጥማጆች የሚያደርጉት ውስጡ ሙቀት ያለው የጎማ ጓንት ከብዙዎቹ የጀልባ ጓንቶች ይሻላል፣ ለአንድ ሰው ሁለት ጥንድ ያዙ።

ላይፍ ጃኬት ከመትከያው ከመነሳታችሁ በፊት ይለበሳል፣ እስክትታሰሩም አይወልቅም። ብዙዎቻችን ከደጋ የመጣን ነን፣ ዋና የማይችል ብዙ ነው። ግን ዋና መቻልም እዚህ ብዙ አያድንም። የውሃው ሙቀት በብርዱ ወራት 8 ዲግሪ ገደማ ነው፣ በሞቃቱም ወራት ያን ያህል አይጨምርም። በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ስለ ብርድ የሚያጠኑት ፕሮፌሰር ጎርደን ጊዝብሬክት ይህን በሦስት ቁጥር ያስተምራሉ፦ 1፣ 10፣ 1። የመጀመሪያውን 1 ደቂቃ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ሰው ሳይፈልግ ውሃ ይስባል። ከዚያ እጅና እግር የሚታዘዙት ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ራስን ለመሳት ግን 1 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አብዛኛው ሰው የሚሰጥመው ገና ሳይቀዘቅዝ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ ጃኬቱ አፍንጫችሁን ከውሃ በላይ የሚይዘው ያኔ ነው። የሚነፋው ዓይነት ከሆነ የጋዝ ጠርሙሱ በደንብ መጠበቁን አረጋግጡ፣ በእግር መሃል የሚያልፈውን ማሰሪያም እሰሩ። ያለ እሱ ጃኬቱ ወደ ላይ ወጥቶ ፊታችሁን ይሸፍናል።

ምግብ ቀላል ነው። ባህር ላይ ምድጃ የምትለኩሱ ከሆነ ተሳስታችኋል። ሁለት ፔርሙዝ ሙሉ፣ አንዱ በዝንጅብል የፈላ ሻይ፣ ሌላው አጥሚት። ኪስ ውስጥ ቆሎ። ጭኮ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ በአንድ እጅ ይበላል፣ አይበላሽም፣ ኃይል ይሰጣል። ጾመ ነቢያት የሚውለው እዚሁ ብርድ ላይ ስለሆነ ለጾመኛ በሶ በስኳር ይያዝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ግን በዚያ ቀን መሪ ባይይዝ ይሻላል፤ ባዶ ሆድ በብርድ ላይ ራስን ያዞራል። የባህር ማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመውጣቱ በፊት ይውሰድ፣ ካቅለሸለሸ በኋላ አይሠራም። እንቅልፍ ያመጣ እንደሆነ አስቀድሞ ቤት ውስጥ ይሞክረው።

ደረጃ 4፦ ጀልባዋን ማሰናዳት

ይህን ሁሉ ከመትከያው ጋር ታስራችሁ ሳለ ጨርሱት። ከፊት እስከ ኋላ በሁለቱም ጎን ጠፍጣፋ ማሰሪያ ዘርጉ፤ እያንዳንዱ ሰው ከደረቱ የሚወጣውን አጭር ገመድ እዚያ ላይ እየቆለፈ ይንቀሳቀሳል። ካቢን ውስጥ የሚወድቅ ነገር ሁሉ ይታሰር። ውሃ ማውጫ ፓምፑን አስነስታችሁ እዩት። የነዳጅ ማጣሪያው ንጹሕ ይሁን፤ ሞገድ የታንከሩን ዝቃጭ ስለሚያናውጥ ሞተር የሚጠፋው ሁልጊዜ በማይመች ሰዓት ነው። ማሞቂያ ካላችሁ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው ባትሪ ይኑረው።

ዋናው ሸራ ላይ የመጀመሪያውን እጥፋት፣ ማለትም ለብርቱ ነፋስ ሸራውን የሚያሳንሰውን፣ መትከያው ላይ እንዳላችሁ እጠፉት። ነፋሱ ካነሰ ባህር ላይ መፍታት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ማጠፍ ግን አይደለም። ደግሞ ለአንድ የመሬት ሰው መንገዳችሁንና የምትደርሱበትን ሰዓት ጽፋችሁ ስጡ። ስንት ሰዓት ካለፈ ኮስት ጋርድ ጋ እንደሚደውልም ንገሩት።

ደረጃ 5፦ መንገዱ

ከሺልሾል ስትወጡ መሪውን የያዘውን ሰው በየ30 ደቂቃው ለውጡ። ከዚያ በላይ መቆም ጀግንነት አይደለም። ከመሪ የወረደው ሰው ወደ ታች ገብቶ ትኩስ ይጠጣል።

አንድ ሰው ሁልጊዜ ውሃውን ይይ። በዚህ ባህር ላይ ግንድ ይንሳፈፋል፣ በተለይ ከከባድ ዝናብ በኋላ ወንዞቹ ብዙ እንጨት ያወርዳሉ። ክፉው አግድም የተኛው አይደለም፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጫፉ ብቻ ብቅ ጥልቅ የሚለው ነው። የባህር ወፍ ውሃ ላይ የቆመች ከመሰላችሁ ከእግሯ ሥር ግንድ አለ። የክራብ ወጥመድ ተንሳፋፊዎችንም ተጠንቀቁ፣ ገመዳቸው በሞተሩ ማዞሪያ ላይ ይጠመጠማል።

ከኤድመንድስ ኪንግስተን የሚመላለሱትን ፌሪዎች ከኋላቸው እለፉ። ትልልቆቹ የኮንቴይነር መርከቦች በራሳቸው መስመር ይሄዳሉ፣ ከሩቅ ዝግ ያሉ ይመስላሉ ግን በ10 ደቂቃ ውስጥ አጠገባችሁ ናቸው። ከመስመራቸው ውጡ፤ ሸራ ስላላችሁ ቅድሚያ አላችሁ ማለት አይደለም። መሻገር ካለባችሁ በቀጥታ ቆርጣችሁ ተሻገሩ። የመርከቦቹን ተቆጣጣሪ፣ የሲያትል ትራፊክን፣ በባህር ሬዲዮው (ቪኤችኤፍ) ቻናል 14 ስሙ፣ ወደ ሰሜን ስትገቡ 5ኤ ላይ። ከባንጎር የባህር ኃይል ጣቢያ የሚወጣ ሰርጓጅ መርከብ ከአጃቢዎቹ ጋር ካጋጠማችሁ በ1,000 ያርድ ውስጥ ጭራሽ አትግቡ።

ኪንግስተንን ካለፋችሁ በኋላ ፖይንት ኖ ፖይንት ይመጣል። ከ1879 ጀምሮ የመብራት ማማ ያለበት ነው፣ ፍሰቱ ጫፉ ላይ ስለሚዞር ውሃው ይናወጣል። ከጫፉ ራቅ ብላችሁ ዙሩት። ቀጥሎ ፋውልዌዘር ብላፍ አለ፤ ከሁድ ካናል የሚወጣው ውሃ ከዋናው ፍሰት ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው። ይህ ቦታ የመወሰኛ ነጥባችሁ ይሁን። ከፋውልዌዘር በፊት ቆማችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የሚንቀጠቀጥ ሰው አለ? ነፋሱ ከተነገረው በልጧል? ፍሰቱን ቀድመነዋል ወይስ ዘግይተናል? ለአንዱ እንኳ መልሱ ካልጣመ ወደ ግራ ታጥፋችሁ ፖርት ላድሎ ግቡ። ከነፋስ የተከለለ ወሽመጥ ነው፣ መልህቅም ጭቃው ላይ በደንብ ይይዛል።

ደረጃ 6፦ ሸራ ማጠፍ

የነፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም። ከ20 ወደ 28 ኖት ሲወጣ ሸራው ላይ ያለው ግፊት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «ልጠፍ ይሆን?» ብላችሁ ካሰባችሁ ሰዓቱ ደርሷል። ነፋስ ከኋላ ሲሆን ጉልበቱ ስለማይሰማ ሰው ይዘናጋል። የነፋስ መለኪያውን እዩ እንጂ ስሜታችሁን አትመኑ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወደ ምሰሶው የሚሄደው ሰው መጀመሪያ ራሱን ይቆልፍ። መሪ የያዘው ጀልባዋን ወደ ነፋሱ ያቀርብና የዋናውን ሸራ መቆጣጠሪያ ገመድ ሸራው እስኪርገበገብ ይልቀቅ። ቡም የሚባለውን የሸራውን የታች አግዳሚ ወደ ታች የሚስበውን ገመድ አላሉ፤ ከላይ የሚደግፈውን ደግሞ አጥብቁ፣ አለበለዚያ ሸራው ሲወርድ ቡሙ ሰው ራስ ላይ ይወድቃል። ቀጥሎ ሸራውን የሰቀለውን ገመድ ምልክት እስካደረጋችሁበት ድረስ ልቀቁ። ምሰሶው ጋ ያለውን ቀለበት መንጠቆው ላይ አግቡት፣ መስቀያ ገመዱንም እንደገና ወጥሩ፤ ከላላ ሸራው ይቦረቀቃልና ማጠፉ ዋጋ የለውም። በመጨረሻ የኋላውን የማጠፊያ ገመድ የሸራው ጥግ ቡሙ ላይ እስኪቀመጥ ሳቡ። ድጋፉን አላሉ፣ የሸራውን መቆጣጠሪያ ገመድ መልሳችሁ ሳቡ። የሚንጠለጠለውን ትርፍ ሸራ ለማሰር አትቸኩሉ። ይህን መትከያው ላይ ዓይን ጨፍናችሁ እስክትሠሩት ተለማመዱት፣ ጓንቱን አድርጋችሁ።

የፊቱንም ሸራ አብራችሁ አሳንሱ። ነፋሱ ከኋላ ከሆነ ቡሙ በድንገት ወደ ሌላው ጎን እንዳይወረወር በገመድ ወደ ፊት እሰሩት።

ሰው ከደከመ ወይም ትንሽ ማረፍ ካስፈለገ ጀልባዋን ማቆም ይቻላል። የፊቱን ሸራ ገመድ ሳትለቁ አፍንጫዋን በነፋሱ ውስጥ አሳልፋችሁ አዙሯት። ሸራው በተቃራኒው ይነፋል። ከዚያ በክብ መሪ ከሆነ ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን አዙሩና እሰሩት። መንቀጥቀጡ ጋብ ይላል፣ ቀስ ብላ ትንሸራተታለች። ለዚህ ግን በምትንሸራተቱበት ጎን ሰፊ ውሃ ሊኖር ይገባል።

ደረጃ 7፦ ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ

ያየው ሰው ይጮሃል፣ በጣቱም ያመለክታል። ጣቱንም ዓይኑንም አያነሳም፣ ሌላ ሥራም አይሰጠው፤ በሞገድ መሃል የሰው ራስ በሰከንዶች ይጠፋል። ሁለተኛው ተንሳፋፊ ይወረውራልና ጂፒኤሱ ላይ ቦታውን ይመዘግባል። መሪ የያዘው ወዲያው ወደ ነፋሱ ያዞራል። ሳትጠብቁ በሬዲዮው ቻናል 16 ሜይዴይ (የድረሱልን ጥሪ) ሦስት ጊዜ፣ የጀልባዋን ስም ሦስት ጊዜ፣ ቦታችሁን፣ ምን እንደተፈጠረ፣ ስንት ሰው እንዳላችሁ ተናገሩ። ሰውየው በሁለት ደቂቃ ቢወጣ ጥሪውን መሰረዝ ይቻላል።

ከባዱ ማውጣቱ ነው። ልብሱ የራሰ ሰው ይከብዳል፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መሰላል መያዝ አይችልም። ስለዚህ መስቀያ ገመዱን ላይፍ ጃኬቱ ላይ ቆልፋችሁ በዊንች አንሱት፤ ከተቻለ አጋድማችሁ። ካወጣችሁት በኋላ እጅ እግሩን አትሹት፣ አልኮልም አትስጡት። እርጥቡን አውልቁ፣ አድርቁት፣ ጋቢውን አልብሱት፣ አስተኙት። ነቅቶ የሚያወራ ከሆነ ጣፋጭ ትኩስ ነገር ይጠጣ። የሚንተባተብ ወይም መንቀጥቀጡን ያቆመ ሰው አደጋ ላይ ነው፤ ለኮስት ጋርድ ንገሩ።

ደረጃ 8፦ መግባት

የፖርት ታውንሴንድ ወሽመጥ ለደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ክፍት ነው። የማሪናው መግቢያ ጠባብ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋችኋል። ስለዚህ ሸራ አውርዳችሁ፣ ሞተር አስነስታችሁ፣ በሁለቱም ጎን መከላከያ ጎማና የማሰሪያ ገመድ አዘጋጅታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ ግቡ። ነፋሱ ከ30 ኖት ካለፈ ገብቼ ልሞክር ከማለት ወደ ፖርት ላድሎ መወሰን ያለበት ቀደም ብሎ፣ ማሮስቶን ደሴት ጋ ሳትደርሱ ነው።

በማግሥቱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ፖርት አንጀለስ መቀጠል የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ፖይንት ዊልሰንን መዞር አለባችሁ። ከአድሚራልቲ የሚወጣው ውሃ ከምዕራቡ ነፋስና ከሰርጡ ሞገድ ጋር ፊት ለፊት የሚገጥመው እዚያ ነው፤ ጥሩ በሚመስል ቀን እንኳ ውሃው ያብዳል። በፍሰቱ ማቆሚያ ሰዓት፣ ገና ሲነጋ፣ የኒው ደንጀነስን ተንሳፋፊ ጣቢያ መረጃ አይታችሁ ዙሩት። ጣቢያው ከ15 ኖት በላይ የምዕራብ ነፋስ ካሳየ ፖርት ታውንሴንድ እደሩ።